«የፓርክ ድጋፍ»፦ በኒው ለንደን ቤቶች ለሕዝብ ጥቅም የተወሰዱበት ጉዳይ

በአሜሪካ የኮነቲከት ክፍለ ግዛት ኒው ለንደን የምትባል አነስተኛ የወደብ ከተማ አለች። በከተማዋ ፎርት ትረምቡል በሚባለው ሰፈር ውስጥ ስፋቱ 2.4 ኤከር፣ ማለትም አንድ ሄክታር ግድም የሆነ ቁራሽ መሬት ይገኛል። ከተማዋ በ2000 ባጸደቀችው የልማት ዕቅድ ይህ ቁራሽ «ክፍል 4ሀ» የሚል ስያሜ ተሰጥቶት፣ የሚውልበት ዓላማ «የፓርክ ድጋፍ» ተብሎ ተጻፈ። በአጠገቡ ለሚሠራው ፓርክ ጎብኚዎች የመኪና ማቆሚያ ይሁን፣ ሱቅ ይሁን፣ ወይስ በቅርቡ ያለውን የጀልባ ማረፊያ ያገልግል፣ ዕቅዱ ቁርጥ አድርጎ አልተናገረም። በመላው አሜሪካ ቁጣ የቀሰቀሰው፣ ከቤት ባለቤቶቹ አንዷ የሆኑት የወይዘሮ ኬሎና የኒው ለንደን ከተማ ክርክር በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲወሰን፣ ከተማዋ በግዴታ ከወሰደቻቸው 15 ንብረቶች መካከል 11ዱ የሚገኙት በዚሁ ቁራሽ ላይ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ ሕጎች በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው መንግሥት የአንዱን ቤት ወስዶ ለሌላ የግል ባለሀብት መስጠት ይችላል ወይስ አይችልም ለሚለው ክርክር ነው። ይህ ክርክር ተገቢ ነው፤ እኔ ግን እዚህ የማተኩረው ከእሱ በፊት በሚመጣው ጥያቄ ላይ ነው። ቤቱን እንዲለቅ የታዘዘ ሰው፣ በግብሩ ወጪውን የሚሸፍነው ሕዝብና ውሳኔውን የሚመረምረው ዳኛ፣ መሬቱ ምን ሊሠራበት እንደሆነና ያንን የመሥራት ግዴታ የገባው ማን እንደሆነ ከውሳኔው በፊት ማወቅ ችለው ነበርን? የኒው ለንደን መዝገብ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ከሚጠበቀው በላይ የተወሳሰበ ነው፤ ምክንያቱም ከተማዋ በድብቅ ሠራች ለማለት አይቻልም። ስብሰባ ጠርታለች፣ ዕቅድ አዘጋጅታለች፣ በምክር ቤት ድምፅ አሰጥታለች።

የከተማዋ ችግር

ኒው ለንደን በእርግጥ ተቸግራ ነበር። የክፍለ ግዛቱ መሥሪያ ቤት በ1990 ከተማዋን በኢኮኖሚ ችግር ውስጥ ካሉት አካባቢዎች መደባት። በ1996 የፌዴራል መንግሥት በፎርት ትረምቡል የነበረውንና ከ1,500 በላይ ሰዎች ይሠሩበት የነበረውን የባሕር ኃይል የምርምር ማዕከል ዘጋ። በ1998 የከተማዋ ሥራ አጥነት ከክፍለ ግዛቱ አማካይ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ የነዋሪዎቿም ቁጥር ከ24,000 በታች ወርዶ ከ1920 ወዲህ ዝቅተኛው ሆነ። የከተማዋን አስተዳዳሪዎች ክፉ ሐሳብ እንደነበራቸው አድርጎ ማቅረብ ስለዚህ ፍትሐዊ አይሆንም። ግብር ከፋይ እየሸሻት ያለች ከተማ መፍትሔ መፈለጓ ተገቢ ነበር።

መፍትሔውን እንዲያፈላልግ የተመረጠው አካል የኒው ለንደን የልማት ኮርፖሬሽን ነው። ኮርፖሬሽኑ በ1978 የተቋቋመ ለትርፍ ያልቆመ የግል ድርጅት ሲሆን፣ ለዚሁ ሥራ እንደገና ነፍስ እንዲዘራ ተደረገ። በጥር 1998 ክፍለ ግዛቱ ለኮርፖሬሽኑ የዕቅድ ሥራ 5.35 ሚሊዮን ዶላር፣ በሰፈሩ ለሚቋቋመው ፓርክ ደግሞ 10 ሚሊዮን ዶላር በቦንድ እንዲገኝ ፈቀደ። በየካቲት የመድኃኒት አምራቹ ፋይዘር ከፎርት ትረምቡል አጠገብ 300 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የምርምር ማዕከል እንደሚገነባ አስታወቀ። ከኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ በኮርፖሬሽኑ ቦርድ ውስጥ ነበሩ።

ዕቅዱ 90 ኤከር የሚሸፍንና በሰባት ክፍሎች የተከፈለ ነበር። የስብሰባ አዳራሽ ያለው ሆቴል፣ ምግብ ቤቶችና ሱቆች፣ 80 ያህል አዳዲስ መኖሪያዎች፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ሙዚየም፣ ከፋይዘር ጎን ቢያንስ 90,000 ስኩዌር ጫማ የምርምር ቢሮ እና የታደሰ የጀልባ ማረፊያ ይሠራሉ ተባለ። ከ1,000 በላይ የሥራ ዕድልና ከፍ ያለ የግብር ገቢም ይጠበቅ ነበር። በአካባቢው 115 ያህል የግል ንብረቶች ነበሩ።

ሥልጣኑ ለማን ተሰጠ?

በጥር 2000 የከተማዋ ምክር ቤት ዕቅዱን ሲያጸድቅ፣ ኮርፖሬሽኑን የልማቱ አስፈጻሚ አድርጎ ሾመው፤ ንብረት እንዲገዛ፣ የማይሸጥ ቢኖር ደግሞ በከተማዋ ስም በግዴታ እንዲያስለቅቅም ሥልጣን ሰጠው። ይህ ውሳኔ በጥሞና መታየት አለበት። ሰውን ከቤቱ የማስነሣት ሥልጣን መንግሥት በዜጎቹ ላይ ካሉት ሥልጣኖች እጅግ ከከበዱት አንዱ ነው፤ በኒው ለንደን ይህ ሥልጣን የተላለፈው ሕዝብ ላልመረጠው፣ በምርጫም ሊያነሣው ለማይችል ቦርድ ነበር።

ኮነቲከት መረጃ የማግኘት ነፃነት ሕግ ያወጣችው በ1975 ነው፤ ፍርድ ቤቷም በ1980 በሰጠው ውሳኔ አንድ የግል ድርጅት እንደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ተቆጥሮ ሰነዱንና ስብሰባውን ለሕዝብ ክፍት የማድረግ ግዴታ የሚኖርበትን መለኪያ አስቀምጧል። መለኪያው አራት ነገሮችን ይመለከታል፦ ድርጅቱ የሚሠራው የመንግሥት ሥራ መሆኑን፣ ከመንግሥት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያገኝ፣ መንግሥት ምን ያህል እንደሚቆጣጠረው፣ ያቋቋመውም መንግሥት መሆኑን። መለኪያው በራሱ ጥሩ ነው። ድክመቱ ጥያቄው የሚነሣው ሰነድ ተጠይቆ ከተከለከለ በኋላ መሆኑ ነው፤ ቤቱ በማስለቀቂያ ሂደት ላይ ላለ ሰው ያ ጊዜ በጣም ረጅም ነው። በእኔ እምነት የማስለቀቅ ሥልጣን ለማንም ድርጅት ሲተላለፍ፣ የግልጽነት ግዴታው በዚያው የውሳኔ ሰነድ ውስጥ ተጽፎ አብሮ መተላለፍ አለበት እንጂ በኋላ በክርክር ሊገኝ አይገባም።

አብዛኞቹ ባለንብረቶች ተስማምተው ሸጡ። ዘጠኝ ከሳሾች ግን እምቢ አሉ። ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ ሱዜት ኬሎ ቤታቸውን በ1997 ገዝተው፣ አድሰው፣ ወንዙን እያዩ የሚኖሩ ነበሩ። ሌላዋ አዛውንት የተወለዱት በ1918 እዚያው ቤት ውስጥ ነው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉም ከዚያ ቤት አልወጡም፤ ባለቤታቸውም ከተጋቡበት ጊዜ ጀምሮ 60 ዓመት ያህል አብረዋቸው ኖረውበታል። ከ15ቱ ንብረቶች አሥሩ ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ የሚኖርባቸው፣ አምስቱ የሚከራዩ ነበሩ። ቤቶቹ ፈራርሰዋል ወይም ለጤና ጠንቅ ሆነዋል ያለ ማንም አልነበረም፤ የተወሰዱት በልማት ክልሉ ውስጥ በመገኘታቸው ብቻ ነው። ኮርፖሬሽኑ የማስለቀቅ ሂደቱን በኅዳር 2000 ጀመረ፤ ማስታወቂያው ወይዘሮ ኬሎ በር ላይ የተለጠፈው የአሜሪካኖች ትልቅ የቤተሰብ በዓል በሆነው በምስጋና ቀን ዋዜማ ነበር። በዚያው ሰፈር የነበረ አንድ የግል ማኅበራዊ ክበብ ግን ባለበት እንዲቆይ ተወሰነ። ጎረቤቶቹ እነርሱ ሲነሡ ክበቡ ለምን እንደቀረ ቢጠይቁ አያስገርምም፤ እኩል አልታየንም የሚለውን ክርክራቸውን ፍርድ ቤት ባይቀበለውም፣ የዚህ ዓይነት ልዩነት ምክንያቱ ለሁሉም በሚታይ ቦታ ካልተጻፈ ጥርጣሬን የሚያጠፋ ነገር አይገኝም።

በፍርድ ቤት

ከሳሾቹ በታኅሣሥ 2000 ክስ መሠረቱ። የመጀመሪያ ደረጃው ፍርድ ቤት ለሰባት ቀናት ማስረጃ ሰምቶ በ2002 የሰጠው ውሳኔ፣ እኔ እንደማየው፣ በጉዳዩ ሁሉ ውስጥ ለግልጽነት ጥያቄ እጅግ የቀረበው ነው። ዳኛው ቢሮ ሊሠራበት በታሰበው ክፍል 3 ላይ ያሉት አራት ንብረቶች መወሰድ ይችላሉ አሉ። በክፍል 4ሀ ላይ ያሉትን 11 ንብረቶች ግን እንዳይወሰዱ ቋሚ ዕግድ ሰጡ፤ ምክንያቱም «የፓርክ ድጋፍ» የተባለው ዓላማ ግልጽ ባለመሆኑ መሬቱ በእርግጥ አስፈላጊ መሆኑን መመዘን አልተቻለም። ፍርዱ ከተማዋ ለልማት መሬት መውሰድ አትችልም አላለም። ለምን እንደምትወስደው መናገር ካልቻለች ግን መውሰድ እንደሌለባት አመለከተ።

የኮነቲከት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2004 ይህንን ዕግድ በ4 ለ3 ድምፅ ሽሮ፣ ሁሉም ንብረቶች ሊወሰዱ ይችላሉ አለ። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ዛሬላና ሁለቱ ባልደረቦቻቸው የኢኮኖሚ ልማት የሕዝብ ጥቅም ሊሆን መቻሉን አልካዱም። ጥያቄያቸው ሌላ ነበር፦ የተባለው ጥቅም በእርግጥ እንደሚመጣ የሚያሳይ አሳማኝ ማስረጃ የት አለ? መሬቱን አልሚው በታሰበው መንገድ እንዲሠራበት የሚያስገድድ የተፈረመ ውል አልነበረም። ኮርፖሬሽኑ ከመረጠው አልሚ ጋር ድርድር ላይ ነበር፤ የሚታሰበውም መሬቱን ለ99 ዓመት በዓመት በአንድ ዶላር የስም ኪራይ መስጠት ሲሆን፣ ውሉ ግን ገና አልተፈረመም። ነዋሪዎቹን ከቤታቸው ለማስነሣት ሕጋዊ ኃይል ያለው ትእዛዝ ሲወጣ፣ ቤቶቹ በፈረሱበት ቦታ ላይ አንድ ነገር የመገንባት ሕጋዊ ግዴታ የነበረበት አልሚ አልነበረም ማለት ነው።

በየካቲት 2005 ጉዳዩ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲሰማ ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር የከተማዋን ጠበቃ ጠየቁ፦ ሞቴል 6 ባለበት ቦታ ሪትዝ ካርልተን ቢሠራ የበለጠ ግብር ይገኛል ብላ ከተማዋ ብታምን፣ ያንን ማድረግ ትችላለችን? ጠበቃው አዎን፣ ትችላለች ሲሉ መለሱ። (ለውጭ አንባቢ ያህል፣ የመጀመሪያው በመንገድ ዳር የሚገኝ ርካሽ ማደሪያ፣ ሁለተኛው የባለጠጎች ሆቴል ነው።) መልሱ ከሕጉ አንጻር ሐቀኛ ነበር፤ ለሕዝቡም ትልቅ አገልግሎት የሰጠ ይመስለኛል። በየሰፈሩ የተበተኑ የዕቅድ ሰነዶች ለዓመታት ያልተናገሩትን የሥልጣን ስፋት፣ ያ አጭር መልስ በግልጽ ችሎት ለማንም በሚገባ ቋንቋ ተናገረው።

ውሳኔው ሰኔ 23 ቀን 2005 በ5 ለ4 ድምፅ ለከተማዋ ሆነ። ዳኛ ጆን ፖል ስቲቨንስ የጻፉት የአብላጫው ፍርድ፣ የሕገ መንግሥቱ አምስተኛ ማሻሻያ «ለሕዝብ መገልገያ» የሚለው ቃል በቀደሙት የ1954 እና የ1984 ውሳኔዎች «ለሕዝብ ዓላማ» ተብሎ ሰፋ ባለ መንገድ መተርጎሙን አስታውሶ፣ ከተማዋ አጠቃላይና በጥንቃቄ የታሰበበት ዕቅድ ስላላት ፍርድ ቤት የእያንዳንዱን ቁራሽ መሬት አስፈላጊነት ሊመረምር እንደማይገባ ገለጸ። ክፍለ ግዛቶች የበለጠ ጥብቅ ሕግ ማውጣት እንደሚችሉም ጨመረ። ዳኛ አንቶኒ ኬኔዲ በአብላጫው ተስማምተው በጻፉት የተለየ አስተያየት፣ ለአንድ የግል ወገን ለማድላት ተብሎ የተደረገ መሆኑን የሚያመለክት ክስ ሲቀርብ ፍርድ ቤቶች በቁም ነገር ሊመረምሩት እንደሚገባ አሳሰቡ። ከተማዋን ከዚህ ጥርጣሬ ነፃ ካደረጓት ነገሮች መካከልም ዕቅዱ ሲነደፍ አብዛኞቹ ተጠቃሚ አልሚዎች ማንነታቸው ያልታወቀ መሆኑን፣ ከተማዋም ዓላማዋን ለመመርመር የሚያስችል ዝርዝር ሥነ ሥርዓት መከተሏን ጠቀሱ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም አንድ እውነታ በሁለት ዓይን የታየበት ቦታ ነው። ለዳኛ ኬኔዲ አልሚዎቹ አለመታወቃቸው ከተማዋ ለማንም እንዳላደላች ማስረጃ ሆነ። ለሦስቱ የኮነቲከት ዳኞች ደግሞ አልሚዎቹ አለመታወቃቸውና ውል አለመኖሩ፣ የተባለው ጥቅም ባዶ ተስፋ እንደሆነ ምልክት ነበር። የአድሎ ጥርጣሬ ክብደት እንዳለው እቀበላለሁ፤ ሆኖም ሁለተኛው አመለካከት ለተነሺው ሰው የሚቀርብ ይመስለኛል። ማን እንደሚገነባ ካልታወቀ፣ ላለመገንባቱ የሚጠየቅም አይኖርም።

ዳኛ ኦኮነር በልዩነት ሐሳባቸው ክፍል 4ሀ «የፓርክ ድጋፍ» ለተባለ ሚስጥራዊ ነገር መመደቡን ጠቅሰው፣ ከእንግዲህ ማንኛውንም ሞቴል 6 በሪትዝ ካርልተን፣ ማንኛውንም ቤት በገበያ ማዕከል፣ ማንኛውንም እርሻ በፋብሪካ ከመተካት መንግሥትን የሚያግደው ነገር እንደሌለ ጻፉ። ተጠቃሚ የሚሆኑትም በፖለቲካ ሂደቱ ውስጥ ከፍ ያለ ተሰሚነት ያላቸው ወገኖች እንደሚሆኑ አስጠነቀቁ።

ከፍርዱ በኋላ

የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ2006 ከከተማዋ ጋር ተስማምተው ወጡ። የወይዘሮ ኬሎ ቤት ተነቅሎ ወደ ሌላ የከተማዋ ክፍል ተወሰደና እዚያ ተተከለ። የተመረጠው አልሚ ገንዘብ ማግኘት ስላልቻለ ውሉ በ2008 ተቋረጠ። በኅዳር 2009 ፋይዘር የኒው ለንደኑን ማዕከል ትቶ 1,400 ያህል ሠራተኞቹን ከወንዙ ማዶ ወዳለችው ግሮተን እንደሚያዛውር አስታወቀ። በ2011 አይሪን የተባለው አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ፣ ነዋሪዎች የወደቁ ቅርንጫፎችን አምጥተው እንዲጥሉ ከተማዋ የመደበችው ቦታ ያ የተጸዳው መሬት ነበር። ለፕሮጀክቱ ወደ 80 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቶበታል። ግንባታ በአካባቢው መታየት የጀመረው ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ከመጀመሪያው ዕቅድ በተለየ መልክ ነው።

የሕግ ለውጡ ሰፊ ነበር። ከ40 በላይ ክፍለ ግዛቶች ሕጋቸውን አሻሻሉ፤ ሚሺጋንና ፍሎሪዳ በኅዳር 2006 በሕዝብ ድምፅ ሕገ መንግሥታቸውን አስተካከሉ። ከማሻሻያዎቹ ብዙዎቹ ያተኮሩት መንግሥት ምን መውሰድ እንደሚችል ላይ ነው፤ አንዳንዶቹም መንግሥት ንብረት ለመውሰድ ምክንያት የሚያደርገውን «የተጎሳቆለ አካባቢ» የሚለውን ሰፊ ትርጉም ሳይነኩት ስላለፉ ያላቸው ኃይል ትንሽ ነው። ኮነቲከት በ2007 ያወጣችው ሕግ የተሻለ የሚመስለኝ የውሳኔውን መንገድ ስለነካ ነው፦ ዋና ዓላማው የአካባቢ ግብር ማሳደግ የሆነ ማስለቀቅን ከለከለ፣ የሕዝብ መድረክ እንዲኖር አስገደደ፣ ንብረት ለመውሰድ የምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንዲያስፈልግ አደረገ፣ ካሳውንም የገበያ ግምቱ አማካይ 125 በመቶ እንዲሆን ከፍ አደረገ። ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማስፈለጉ የተመረጡት ሰዎች በስማቸው እንዲጠየቁ ያደርጋል፤ ውሳኔው በቦርድ ጀርባ እንዳይደበቅ የሚያደርግ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ጉዳይ ባዕድ አይደለም። በሀገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ መነሻው ይለያል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40(8) ግን መንግሥት ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ከፍሎ የግል ንብረትን መውሰድ እንደሚችል ይደነግጋል። የ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የሕዝብ ጥቅምን ሲተረጉም ሕዝቡ በቀጥታ ወይም በተዘዋዋሪ ከመሬቱ የሚያገኘውን ተጠቃሚነት ስለሚጨምር፣ በስፋቱ ከኬሎ ፍርድ አያንስም ነበር። እሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በቀር ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት እንዲመከሩ የሚያዝ ድንጋጌ ይዞ ነበር። የዚህ ድንጋጌ ፋይዳ የሚታወቀው በምክክሩ ላይ የሚቀርበው ወረቀት ምን እንደያዘ ሲታይ ነው። አንድ አባወራ በቀበሌ አዳራሽ ተቀምጦ «ለልማት» የሚል ቃል ብቻ ሰምቶ ከወጣ፣ ከኒው ለንደኑ «የፓርክ ድጋፍ» የተሻለ መረጃ አላገኘም። በውጭ ሀገር ቤት የገዙ ወገኖቻችንም ቢሆኑ፣ የከተማቸው ምክር ቤት የልማት ክልል ሲያውጅ ካርታውን ብቻ ማየት እንደማይበቃ ከዚህ መዝገብ መረዳት ይችላሉ፤ ከአልሚው ጋር የሚፈረመውን ውል፣ ካልገነባ የሚደርስበትን ቅጣትና መሬቱ ለማን እንደሚመለስ መጠየቅ ይገባቸዋል።

በ2010 በኒው ሄቨን በተደረገ የእራት ግብዣ ላይ፣ በኮነቲከት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከአብላጫዎቹ አራት ዳኞች አንዱ የነበሩት ዳኛ ሪቻርድ ፓልመር ስለ ጉዳዩ የተደረገ ንግግር ካዳመጡ በኋላ፣ ይህን ሁሉ ባውቅ ኖሮ ድምፄ ሌላ ይሆን ነበር ብለው ወይዘሮ ኬሎን ይቅርታ ጠየቁ። ኋላም ያልኩት በወቅቱ ገና ያልተከሰተን፣ ፍርድ ቤቱ ሊያውቀው የማይችለውን ነገር ነው ሲሉ አብራሩ። ፋይዘር እንደሚሄድ፣ አልሚው ገንዘብ እንደሚያጣ በ2004 ማወቅ እንደማይቻል እቀበላለሁ። ማንም አልሚ የመገንባት ውል እንዳልፈረመ፣ የክፍል 4ሀም ዓላማ እንዳልተወሰነ ግን ያን ጊዜም በመዝገቡ ውስጥ ነበር፤ ሦስት ባልደረቦቻቸው አንብበውት በልዩነት ሐሳባቸው ጽፈውታል።